ኦቲዝም ያለበት ልጅና እህቱ፦ ከትምህርት ቤት መልስ እስከ መኝታ ያለውን ሰዓት እንዴት እንደምትይዙት

ብዙ ቤት ውስጥ ትግሉ የሚጀምረው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ሁለቱም ልጆች ከትምህርት ቤት ይመጣሉ። ሁለቱም ደክሟቸዋል፣ ሁለቱም ርቧቸዋል፣ ሁለቱም እናታቸውን ይፈልጋሉ። ምሽት 3 ሰዓት ሲሆን አንዱ ሲያለቅስ ቆይቶ እንቅልፍ ወስዶታል። ሌላዋ የቤት ሥራዋን ሳትጨርስ ኩርፍ ብላ ብርድ ልብስ ተከናንባለች።

ይህ መመሪያ ለእነዚህ አምስት ሰዓታት ነው። እንዲመቸኝ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ የ6 ዓመት ወንድ፣ እህቱን የ9 ዓመት አድርጌ ነው የጻፍኩት። የእናንተ ቤት በተቃራኒው ከሆነ አቀያይራችሁ አንብቡት።

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው አንድ ቦታ ላይ ነው። ዕቅዱን በሙሉ በልጁ ዙሪያ ይሠራና እህቱን ረዳት ያደርጋታል። "ያዢው"፣ "እይው"፣ "ስጪው"። እሷ ረዳት አይደለችም፤ የራሷ ተራ የሚገባት ልጅ ናት። ስለዚህ ከታች ባለው እያንዳንዱ ደረጃ ውስጥ የእሷን ድርሻ ታገኛላችሁ። እሱን ዘልላችሁ የልጁን ብቻ ብትሠሩ አይሄድም።

የአንድ ሳምንት ዝግጅት

1. መዝግቡ። አንድ ደብተር ያዙ። ልጁ በተረበሸ ቁጥር ሦስት ነገር ጻፉ፦ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ ልክ ከዚያ በፊት ምን እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረጋችሁ። በሳምንቱ መጨረሻ አንብቡት። "ዝም ብሎ ነው የሚጮኸው" ያላችሁት ጩኸት ብዙ ጊዜ ከረሃብ፣ ከድምፅ፣ ከመጠበቅ ወይም ሳይነገረው ከተለወጠ ነገር ቀጥሎ የመጣ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

2. ሕመም እንደሌለበት አረጋግጡ። መናገር የማይችል ልጅ ጥርሱን ወይም ጆሮውን ሲያመው፣ ሆዱ ሲደርቅ "አመመኝ" አይልም። ይመታል፣ ራሱን ይነክሳል፣ አይተኛም። ባሕርይው ድንገት ከተለወጠ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ።

3. የሥዕል ገመድ ሥሩ። በስልካችሁ የራሳችሁን ቤት ዕቃ ፎቶ አንሱ፦ የሱን ጫማ መደርደሪያ፣ የመክሰስ ሳህኑን፣ መጫወቻውን፣ የእራት ሳህኑን፣ የመታጠቢያ ሳፋውን፣ አልጋውን። ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሙና በፕላስቲክ አስለብጡ። ግድግዳ ላይ በልጁ ዓይን ልክ ገመድ ወጥሩ። ፎቶዎቹን በልብስ መቆንጠጫ በቅደም ተከተል ስቀሉ። አንዱ ሲያልቅ ልጁ ራሱ አውርዶ ሳጥን ውስጥ ይጨምረዋል። ከኢንተርኔት የወረደ ሥዕል አትጠቀሙ፤ የማያውቀው ሳህን ለእሱ የእሱ ሳህን አይደለም።

4. ከገመዱ ሥር የእህቱን ዝርዝር ለጥፉ። በጽሑፍ ይሁን፣ እዚያው ግድግዳ ላይ። "ከእማዬ ጋር 15 ደቂቃ" የሚለው መስመር ሰዓቱ ተጽፎበት መኖር አለበት።

5. የእህቱን ዕቃ ቆልፉ። ቁልፍ ያለው ሳጥን ወይም እሱ የማይደርስበት መደርደሪያ ስጧት። የተቀደደ ደብተርና የተሰበረ አሻንጉሊት ከብዙ ምክር በላይ ወንድምና እህትን ያቃቅራል። ቁልፉን እሷ ትያዝ።

6. ጸጥ ያለ ጥግ አዘጋጁ። ክፍል ባይኖራችሁም ከቁም ሳጥኑ ጎን ወይም ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ትራስና ወፈር ያለ ጋቢ ይበቃል። የቅጣት ቦታ እንዳታደርጉት። አንድ ጊዜ "ሂድና እዚያ ተቀመጥ!" ብላችሁ ከቀጣችሁበት ዳግመኛ አይገባበትም።

7. አደጋ የሚያመጣውን አንሱ። የከሰል ምድጃ፣ የፈላ ጀበና፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ በረኪና። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የበረንዳውን በር ዝጉ። የውጭ በር ላይ ከላይ በኩል መቀርቀሪያ አስገጥሙ። ስልክ ቁጥራችሁን ሸሚዙ ውስጥ በማይለቅ ቀለም ጻፉ። ከቤት ጠፍቶ ከሆነ መጀመሪያ የምትሮጡት ውሃ ወዳለበት ነው፤ ወንዝ፣ ጉድጓድ፣ የግንባታ ውሃ። ብዙዎቹ ልጆች ውሃ ይስባቸዋል።

ደረጃ 1፦ እህቱን አስረዱ

ይሄ ከሁሉም ይቅደም። ያልተነገራት ልጅ የራሷን ምክንያት ትፈጥራለች። "ሕፃን እያለ ስለጣልኩት ነው" ብላ ለዓመታት በሆዷ የምትይዝ አለች።

ልጁ በሌለበት፣ እጃችሁ ሥራ እንደያዘ ንገሯት። ሽንኩርት እየላጣችሁ ወይም ልብስ እያጣጠፋችሁ። ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ "ቁም ነገር ላወራሽ ነው" ካላችሁ ትደነግጣለች። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ የቀረውን ሌላ ቀን ትቀጥላላችሁ።

እንዲህ በሏት፦ "ወንድምሽ ኦቲዝም አለበት። አእምሮው ነገሮችን የሚረዳበት መንገድ ከእኔና ከአንቺ ይለያል። ለኛ ምንም የማይመስለን ድምፅ እሱን ጆሮውን ሊያመው ይችላል። የፈለገውን በአፉ መናገር ሲያቅተው ይጮኻል፣ ይገፋል። ሲፈጠርም እንዲሁ ነው። ማንም ምንም ስላደረገ አይደለም። አንቺም አይደለሽም፣ እኔም አይደለሁም።"

ቀጥሎ ጥያቄ ይመጣል። ተዘጋጁ።

- "እኔንም ይይዘኛል?" አይይዝሽም። እንደ ጉንፋን አይተላለፍም።
- "መቼ ነው የሚድነው?" መድኃኒት ተሰጥቶ የሚጠፋ አይደለም። ግን እየተማረ ይሄዳል። እዚህ ላይ አምና ያልቻለውን፣ ዘንድሮ የቻለውን አንድ ነገር ጥቀሱላት። ራሷ ያየችው ይሁን።
- "ለምን እሱን አትቆጪውም?" እሱም ሕግ አለበት። አንቺን መምታት አይፈቀድለትም። የማስተምረው በሌላ መንገድ ስለሆነ ነው።
- "ስናድግ ማን ነው የሚይዘው?" እሱ የኛ የትልልቆቹ ሥራ ነው፤ እያሰብንበት ነው።

የመጨረሻው ላይ ጠንቀቅ በሉ። "እኛ ስናልፍ እናቱ አንቺ ነሽ" የሚል አክስት ወይም አያት በየቤቱ አይጠፋም። የተናገሩት በፍቅር ነው። ቢሆንም የ9 ዓመት ልጅ ያንን ይዛ መተኛት የለባትም። ዘመዱን ለብቻ ወሰድ አድርጋችሁ አስቁሙ።

ከ5 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ "ድምፅ ያመዋል፤ ማውራት ገና እየተማረ ነው" በቂ ነው። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ግን ሙሉውን ንገሩ። ከፈለጉ ሐኪሙ ጋ አብረው ይምጡና ራሳቸው ይጠይቁ።

ለትምህርት ቤትና ለሰፈርም አንድ መልስ አስይዟት። "ወንድምሽ እብድ ነው እንዴ?" መባሏ አይቀርም። "ኦቲዝም አለበት፤ በራሱ መንገድ ነው የሚጫወተው" ትበልና ጨዋታዋን ትቀጥል። ሰው ሁሉ እስኪገባው ድረስ የማስረዳት ግዴታ የለባትም።

*ካልሄደ፦* ዝም ካለች አትጎትጉቷት። "እጠላዋለሁ" ካለች "ነውር ነው!" አትበሏት። "ዛሬ በጣም አናዶሻል ማለት ነው። ምን አደረገሽ?" በሏት። የተነገረ ጥላቻ ይቀላል፤ የታፈነው ነው የሚከብደው።

ደረጃ 2፦ መግቢያ (ከ10 እስከ 10፡30)

1. ከመምጣታቸው በፊት ቴሌቪዥኑን ዝጉ። መክሰሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ።
2. መጀመሪያ እህቱን ሰላም በሉ። ስሟን ጠርታችሁ፣ ዓይኗን አይታችሁ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። የቀረውን ሰዓት እሱ እንደሚወስደው ሁላችሁም ታውቃላችሁ።
3. ልጁን ወደ ገመዱ ውሰዱ። የመጀመሪያውን ፎቶ አሳዩትና "ጫማ" በሉ። ሌላ ቃል አትጨምሩ።
4. መክሰስ ይብሉ። "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" የሚለውን ለ30 ደቂቃ አቆዩት። ይሄ ለሁለቱም ይጠቅማል።

አንድ ሰርቪስ የሚሳፈሩ ከሆነ ልጁን የሚያወርደው ረዳቱ ይሁን። እህቱ ቦርሳውንም እሱንም ተሸክማ፣ ጓደኞቿ ፊት እየጎተተችው መውረድ የለባትም።

*ካልሄደ፦* በር ላይ ከተቀመጠ አትጎትቱት። መክሰሱን በሩ ድረስ አምጡለት። ዛሬ በር ላይ ቢበላ ምንም አይሆንም።

ደረጃ 3፦ የእህቱ 15 ደቂቃ

ከዚህ መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ እንያዝ ብትሉኝ ይሄን እመርጣለሁ።

1. ሰዓቱን ወስኑ። 11 ሰዓት ካላችሁ ሁልጊዜ 11 ሰዓት ነው።
2. ልጁን ማን እንደሚይዘው አስቀድማችሁ አውቁ። አባት፣ አያት፣ ሠራተኛ፣ ጎረቤት። ብቻችሁን ከሆናችሁ ለዚያች ሰዓት ብቻ የሚወጣ መጫወቻ ይኑረው፤ ለምሳሌ እናንተ ከምታዩት ቦታ ሆኖ ሳፋ ላይ ትንሽ ውሃና ሁለት ኩባያ፣ ወይም የሚወደው ቪዲዮ። ሌላ ሰዓት ካገኘው ግን ዋጋ የለውም።
3. ስልካችሁን ራቅ አድርጉ።
4. ምን እንደሚደረግ እሷ ትምረጥ። ጸጉር መሠራት፣ ካርታ፣ ወሬ፣ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ። የቤት ሥራ እንዳታደርጉት፤ እሱ የራሱ ሰዓት አለው።
5. ስለ ወንድሟ አታንሱ፤ እሷ ካላነሳች።

*ካልሄደ፦* መሐል ላይ እሱ ከጮኸ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሰዓቱን እያሳያችሁ "ስምንት ደቂቃ ይቀርሻል፣ እመለሳለሁ" በሏት። ዛሬውኑ ተመልሳችሁ ጨርሱ። "ነገ እክስሻለሁ" ልጅ አይሰማውም። ነገም ሌላ ጩኸት እንዳለ ታውቃለች።

ደረጃ 4፦ አብረው የሚጫወቱበት 10 ደቂቃ

"ሂዱ ተጫወቱ" ብቻ ብላችሁ አትተዉአቸው። እንደዚያ አይሠራም።

መነሻው እሱ የሚወደው ይሁን። መኪና መደርደር የሚወድ ከሆነ እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ የራሷን ትደርድር። መንካት የለም። ሁለትና ሦስት ቀን ይሄው ብቻ ይሁን። ቀጥሎ አንድ መኪና ታቀብለው። ቀጥሎ ተራ፤ "ያንተ ተራ"፣ "የኔ ተራ"። ኳስ መሬት ላይ እያንከባለሉ መለማመድ ከሁሉ ይቀላል።

እህቱን ሦስት ነገር አስተምሯት፦ ከኋላው ሳይሆን ከፊቱ እንድትመጣ፤ አንድ አጭር ነገር እንድትናገር ("ኳስ ስጠኝ")፤ ከዚያ በሆዷ እስከ 10 እየቆጠረች እንድትጠብቅ። ብዙዎቹ ልጆች ሰምተው እስኪመልሱ ጊዜ ይፈልጋሉ። እህቱ የምትከፋው "ጠርቼው ዘጋኝ" ብላ ነው። ቆይቶ ኳሱን ሲሰጣት ፊቷን እዩት።

ደስ እያላቸው አስቁሙ። በ10 ደቂቃ የሚያምርን ጨዋታ ወደ 20 አትለጥጡት። እሷ "ዛሬ አልፈልግም" ካለች ይቅር፤ ጨዋታ ነው እንጂ የሥራ ፈረቃ አይደለም።

ደረጃ 5፦ እራት

አንድ የለመደውን፣ ከጎኑ አንድ ማንኪያ አዲስ ነገር አስቀምጡ። አዲሱን እንዲበላ አትለምኑት፣ አታስገድዱት። ወጡ እንጀራው ላይ ሲፈስ የሚረበሽ ከሆነ በተለየ ሳህን ስጡት። ጉርሻ ክልክል ነው፤ አያትም ቢሆኑ። ሳያስበው ጣት አፉ ውስጥ የገባበት ልጅ ለሳምንት ማዕድ ሊሸሽ ይችላል። "እማማ፣ እሱ በራሱ እጅ ነው የሚበላው፤ ለእሷ ያጉርሷት" በሏቸው። እህቱ ደስ ይላታል፣ አያትም አይቀየሙም።

10 ደቂቃ ከተቀመጠ በኋላ ይነሳ። እህቱ የቀኑን ወሬ የምታወራው ያኔ ነው።

ደረጃ 6፦ መኝታ

ስልክና ቴሌቪዥን ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ይዘጋ። ድንገት አትንጠቁ። የስልካችሁን ደወል ለ5 ደቂቃ ሙሉ፤ ሲጮኽ የሚቀጥለውን ፎቶ አሳዩት። ቅደም ተከተሉ አይለወጥ፦ መታጠብ፣ ጥርስ፣ ልብስ፣ አልጋ። አንድ ክፍል የሚተኙ ከሆነ እሱ ይቅደም፤ እሷ ግማሽ ሰዓት ዘግይታ ትግባ። ሌሊት ነቅቶ የሚረብሻት ከሆነ አልጋዋን ወደ እናንተ ክፍል ወይም ሳሎን ማዛወር ሽንፈት አይደለም። ነገ ትምህርት ቤት አለባት።

ልጁ ሲገነፍል

መጀመሪያ ለዩ። እልህ የያዘው ልጅ እያለቀሰ ያያችኋል፤ የጠየቀውን ስትሰጡት ያቆማል። የገነፈለ ልጅ ብትሰጡትም አያቆምም፤ ራሱም ማቆም አይችልም። ለሁለተኛው እንዲህ አድርጉ፦

1. እህቱ ትውጣ። ቀድማችሁ የተስማማችሁበት ቦታ ይኑራት፤ ጎረቤት፣ መኝታ ክፍል፣ በረንዳ። ምልክቱም አንድ ቃል ይሁን። እሱን መያዝ፣ ማባበል፣ መከላከል የእሷ ሥራ አይደለም።
2. የሚሰበርና የሚቆርጥ ነገር አንሱ። ራሱን ከመሬት የሚያጋጭ ከሆነ ትራስ አስገቡለት።
3. ዝም በሉ። መብራት ቀንሱ። "ምን ሆንክ? ምን ልስጥህ?" እያላችሁ አትደርድሩ። አንድ ቃል፣ በዝግታ፦ "አለሁ።"
4. የተሰበሰበውን ሰው በትኑ። ውሃ መርጨት፣ መምታት፣ መሬት ላይ በደረቱ አስተኝቶ መጫን አይፈቀድም። በደረቱ አስተኝቶ መጫን ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላል።
5. ሲበርድ ውሃ ስጡት። ትምህርት አትስጡት፤ በዚያ ሰዓት አይሰማም።
6. ወዲያው እህቱ ጋ ሂዱ። "ፈራሽ? መታሽ? የት ጋ?" ብዙ ቤት የሚረሳው ይሄንን ነው።

እህቱን ከመታት "እሱ እኮ አያውቅም፣ ቻይው" አትበሏት። ይሄ ንግግር ለእሷ "የአንቺ ሕመም አይቆጠርም" ማለት ነው። "መመታት የለብሽም። እንዳይደገም የምጠብቀው እኔ ነኝ" በሏት። ነክሷት ቆዳው ከተቀደደ በሳሙናና በውሃ በደንብ አጥባችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

ማስጠንቀቂያ፦ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ የሚጥል በሽታ ከሌላው ልጅ ይበዛል። ሰውነቱ ተገትሮ ከተንቀጠቀጠና መስማት ካቆመ ይሄ መገንፈል አይደለም። በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት አይረዳም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ጸበል የምትወስዱት ከሆነም የሐኪም መድኃኒቱን አታቋርጡ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒትን ድንገት ማቆም ራሱ ከባድ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

ዕቅዱን የሚያፈርሱ ሁለት ነገሮች

*መብራት ሲጠፋ።* የጠፋ መብራት ፎቶ ሠርታችሁ ተዘጋጁ። ሲጠፋ ገመዱ ላይ ስቀሉትና ባትሪውን ራሱ ያብራው። ሻማ እሱ አጠገብ አታስቀምጡ። መብራት በሄደ ቁጥር ያው ባትሪና ያው ቦታ ከሆነ፣ መብራት መጥፋትም ልማድ ይሆናል። በሀገራችን ለመለማመጃ ዕድል አይጠፋም።

*ያልተጠበቀ እንግዳ።* ልጁን "ሳማቸው" አትበሉት። እጁን ያውለብልብና ወደ ጥጉ ይሂድ። "ዱላ ያጣ ልጅ ነው" የሚል ካለ አጭር መልስ ያዙ፦ "ሐኪም አይቶታል፤ ዱላ ያብስበታል።" ክርክር ውስጥ አትግቡ፣ ቡናውን ቅዱ። የእህቱ 15 ደቂቃ በእንግዳ ምክንያት አይቀርም። "ይቅርታ፣ ከልጄ ጋር ቀጠሮ አለኝ" ማለት ያስቃቸው ይሆናል። እሷ ግን ትሰማለች።

እህቱ እየከበዳት መሆኑን የምታውቁት

ሆዴን አመመኝ እያለች ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ጓደኛ ቤት አትጋብዝም። ውጤቷ ይወርዳል። ወይም ደግሞ ከልክ በላይ ጨዋ ትሆናለች፤ ምንም አትጠይቅም፣ አታስቸግርም። ይሄኛውን ሰው ሁሉ ስለሚያመሰግነው ይታለፋል። ከእነዚህ ምልክቶች ከሁለት በላይ ካያችሁ ለሁለት ሳምንት ከወንድሟ ጋር የተያያዘ ሥራ ሁሉ አንሱላት። ለመምህሯም ንገሩ።

ታናሽ ሕፃን ካለ ደግሞ ተከታተሉ፤ ወንድም ወይም እህት ኦቲዝም ካለበት፣ ሕፃኑም ላይ የመኖር ዕድሉ ከፍ ይላል። በ12 ወር ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ በጣቱ ካላሳየ፣ በ16 ወር አንድም ቃል ከሌለው፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ይናገር የነበረውን ካቆመ "ወንድ ልጅ ይዘገያል" ብላችሁ አትጠብቁ። ጤና ተቋም ውሰዱት።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን፣ እንዲሁም ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱትን ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ጠይቁ። ቦታ ባይኖር እንኳ የወላጅ ሥልጠና ካለ ተመዝገቡ። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያሉ ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው ነው፤ በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ስትጠይቁ "የተንከባካቢዎች ክህሎት ሥልጠና" በሉ።

ሁለት ሳምንት ሞክራችሁ ካልያዘ

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጀምራችኋል ማለት ነው። ሌላውን አቁሙ። መክሰሱንና የእህቱን 15 ደቂቃ ብቻ ያዙ። እነዚህ ሁለቱ አንድ ሳምንት ሳይቋረጡ ከሄዱ የሥዕሉን ገመድ በሦስት ፎቶ ብቻ ጀምሩ፦ ጫማ፣ መክሰስ፣ አልጋ። በቀጣዩ ሳምንት ጨዋታውን ጨምሩ። እራቱን መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ እሱ ከሁሉም ይዘገያል።